የአእምሮ ጤና መረጃ ማዕከል ዓመቱን ሙሉ ምን ይሠራል? ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የታማሚ ቤተሰቦች፣ መምህራንና አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ሆነን አነስተኛ የአእምሮ ጤና ትምህርትና መረጃ ማዕከል ልንከፍት ነው። ቀበሌው አንድ ክፍል ሰጥቶናል። አሁን የዓመት ዕቅድ አምጡ ተብለናል። ልንጽፍ ስንቀመጥ ግን ከዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሰልፍና ከብሮሹር በቀር የምንሞላው አጣን። ሐኪም የለንም፣ መድኃኒት አንሰጥም። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ምን እንሠራለን? ሰዉ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ወይም ሼኽ ጋ ነው። ከእነሱስ ጋር እንዴት እንሁን?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂዎቼ፣ «ሐኪም የለንም፣ መድኃኒት አንሰጥም» ያላችሁት አያሳስባችሁ። የመረጃ ማዕከል ሥራ ሌላ ነው። ልጁ ሦስት ሌሊት ያልተኛበት አባት፣ ሚስቱ ከወለደች ወዲህ ዝም ያለችበት ባል፣ «ወዴት ልሂድ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። በአብዛኛው ከተማችን እንዲህ ያለ ሰው የለም። ሁሉም የሰማውን ይነግረዋል፣ እሱም ሲንከራተት ይከርማል። ያንን ክፍተት ከሞላችሁ ትልቅ ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። የቀረው ምላሼ ከዚህ የሚነሳ ነው። ሕክምናው የት እንደሚገኝ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥና መድኃኒቱ መኖሩን ሳታረጋግጡ ሕዝብ አታስተምሩ። በሞንታርቦ «የአእምሮ ሕመም ይታከማል!» ትላላችሁ። አንዲት እናት ታምናችኋለች። ልጇን በባጃጅ ይዛ ከቃሉ ገጠር ትመጣለች። ጤና ጣቢያ ስትደርስ «ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል፣ መድኃኒቱም አልቋል» ትባላለች። ይህች እናት ሁለተኛ አትመጣም። ለሰፈሩም «ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለም» ትላለች። እንዲህ ከሆነ ትምህርታችሁ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ይህን የምለው ከአገራችን ልምድ ተነስቼ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ተዳሰሱ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። ጉዳዩ የእውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም። ሕክምናው ራሱ ሩቅ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከእናንተ ከተማ እስከዚያ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኋላ በሶዶ ወረዳ የተሠራው ሥራ ደግሞ ሌላውን ገጽ አሳየ። የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠለጠኑ። መድኃኒት ቀረበ። የማኅበረሰቡ ሰዎችም ታማሚ እየለዩ እንዲልኩ ተደረገ። ሰዉ መጣ፣ ታከመ። በቤቱ ታስሮ የሚውለው ሰው ቁጥርም ቀነሰ። የሠራው ትምህርቱና ሕክምናው አብረው ስለሄዱ ነው።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚገባ እናንተም ከዚያ ተነሱ። ክረምት ነው፣ ስብሰባ አይበዛም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በከተማውና በዙሪያው ያሉትን ጤና ጣቢያዎች ዙሩ። ኤም ኤች ጋፕ የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ሠራተኛ አለ? እሱ ፈቃድ ሲወጣ ማን ይተካዋል? ታማሚ የሚያየው በየትኛው ቀን ነው? አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሰቲን፣ ሃሎፐሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፌኖባርቢታል መደርደሪያው ላይ አሉ? በወር አንዴ የሚወጋው የአእምሮ ሕመም መርፌስ? ደሴ ሆስፒታል ያለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለ ሪፈር ይቀበላል? በጤና መድህን ካርድ ይሠራል? ምዝገባውን ወረዳው መቼ ነው የሚያካሂደው? የኪስ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነውና በደንብ ጠይቁ።

ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ከላይ ቀን ጻፉበት። በየወሩ መጀመሪያ ጤና ጣቢያዎቹ ጋ ደውላችሁ አድሱት። ያለፈበትን ቅደዱት። የቆየ መረጃ ሰው ያንከራትታል። ከከሚሴ አቅጣጫ የሚመጣውም ብዙ ነውና አንዱ ቅጂ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ብሮሹሩን ግን ለጊዜው ተዉት። የማያነብ ሰው ይበዛል፣ የሚያነበውም አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። የሕትመቱን ገንዘብ ለሞባይል ካርድና ለትራንስፖርት አውሉት።

ክፍላችሁ የሚከፈትበት ሰዓት የማይለዋወጥ ይሁን። ሁለት ቀን ብቻ መክፈት ከቻላችሁ ሁለቱን ቀን ጠብቁ። አንዱ የገበያ ቀን ቢሆን ገጠሬው ይደርሳችኋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች በፈረቃ ስለሚሠሩ በሳምንት አንድ ቀን ማምሻውን ብትቀመጡላቸው መልካም ነው። በሩ ላይ ትልቅ «የአእምሮ» የሚል ታፔላ ባትለጥፉ እመርጣለሁ። ከተማው ትንሽ ነው፣ ገቢና ወጪው ይታያል። «የቤተሰብ ጤና መረጃ» ቢባል የሚያፍረውም ይገባል።

አብዛኛው የዓመት ሥራችሁ እዚህች ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነው። ለሪፖርት ፎቶ የሚሆን ነገር የለውም። አንድ ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ቡና ይቀርብለታል፣ ይናገራል። እናንተ ታዳምጣላችሁ። ከዚያ የምትነግሩት ነገር እውነተኛና የሚጠቅም መሆን አለበት። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞቻችሁ ጥቂት ነገሮችን ጠንቅቀው ይወቁ።

ደጋግሜ የማየውን አንዱን ልንገራችሁ። ልጁ ድምፅ ይሰማዋል፣ ሊመርዙኝ ነው ይላል። ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ሃሎፐሪዶል ይጀመርለታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ይጣመማል። ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ቤቱ በጩኸት ይሞላል። «መድኃኒቱ መንፈሱን አስቆጣው» ይባላል። ክኒኑ ይጣላል። ልጁ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ቤተሰቡም ለሕክምና ያለው እምነት እዚያው ላይ ይቆማል። ይህ ግን የታወቀ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ይታያል። ወዲያው ጤና ተቋም ከደረሰ በመርፌ ይፈታል፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ። ከዚያ ባለሙያው መጠኑን ይቀንስለታል፣ ወይም ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባል ክኒን ይጨምርለታል። አስቀድሞ «እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነ በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ሩጡ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተው ደግሞ ደቂቃም አትቆዩ» የተባለ ቤተሰብ አይደናገጥም። ክኒኑንም አይጥልም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመንገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የሠለጠነና የማይጣደፍ ሰው ይበቃል።

ለድብርት መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ በሳምንቱ «ምንም አልለወጠኝም» ብሎ ይመጣል። ለውጡ የሚታየው በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደሆነ ንገሩት። ሲሻለውም በራሱ አያቁም። ቢያንስ ለተወሰኑ ወራት መቀጠል ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ለመውለድ ያሰበች ሴት የሚጥል በሽታ ወይም የባይፖላር (ስሜት ከልክ ባለፈ ደስታና በድብርት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም) መድኃኒት ከያዘች የመድኃኒቱን ስም ጠይቋት። ቫልፕሮኤት ከሆነ ከማርገዟ በፊት ባለሙያ ማየት አለባት። ጽንሱን በብርቱ የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ፈርታ በራሷ እንዳታቆመው ግን አደራ በሏት።

የሚጥል በሽታን ከዕቅዳችሁ አታውጡት። በአገራችን እነዚህን ታማሚዎች በብዛት የሚያየው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ማጨስ አሁንም በየሰፈሩ አለ። አይረዳም፣ ያቃጥላል። ሰዉ ማወቅ ያለበት ቀላል ነው። የወደቀውን በጎኑ አዙሩት፣ ከእሳትና ከስለት አርቁት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በምድጃ የተቃጠሉ ብዙ እናቶችን አይቻለሁ። ፌኖባርቢታል ርካሽ መድኃኒት ነው፣ በቀን አንዴ ይወሰዳል፣ ለብዙዎችም መውደቁን ያቆምላቸዋል። በድንገት ከተቋረጠ ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። መንገድ በተዘጋጋበት ወቅት ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ስለዚህ ቤተሰቦችን «ክኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ውጡ» እያላችሁ አስታውሱ። ስልክ የሚፈቅድላችሁ ካለ በየወሩ ደውሉለት።

ድንበራችሁንም ዕቅዱ ላይ ጻፉት። የሕመሙን ስም እናንተ አታወጡም። ክኒን አታስቀምጡም፣ የተረፈውን ከአንዱ ለሌላው አታሳልፉም። የታወከ ሰው ሲመጣ ለማን እንደምትደውሉ፣ ጤና ጣቢያው የሚዘጋበት ሰዓት ከሆነ የት እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከፖሊስ ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ታማሚ ጋ ሲጠሩ እንደ ወንጀለኛ እንዳይዙት አንድ ግማሽ ቀን አብሯቸው መቀመጥ ብዙ ይለውጣል።

ክረምቱ ሲያልቅ ሁለት ቀኖች ይመጣሉ። አንደኛው ራስን ማጥፋትን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ይውላል። ለዚህ ቀን ሰልፍ አትጥሩ። ከቅሬ (የአካባቢው ዕድር) ዳኞች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከጸረ-ተባይ ሻጮች ጋር ተቀመጡ። የምትነግሯቸው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚጠይቀው በማግኘቱ እፎይ ይላል። አስቤያለሁ ያለውን ደግሞ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ አድርሱት። ሁለተኛው፣ የእርሻ ኬሚካል በቤት ውስጥ በዘፈቀደ አይቀመጥ፣ ይቆለፍ። ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሰዓታት ቆይቶ ያልፋል። በዚያች ሰዓት መርዙ እጅ ላይ አለመገኘቱ ሕይወት ያተርፋል። ስሪ ላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ጸረ-ተባዮች ስትከለክል ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር በጣም ነው የቀነሰው። ጉዳዩን ሬዲዮ ላይ ካነሳችሁ ስለ ዘዴው አትናገሩ። ስለ ተረፉትና ስለተረዱት ተናገሩ።

ሁለተኛው ያነሳችሁት የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነው። ኦክቶበር 10፣ በእኛ በአብዛኛው መስከረም 30። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከበራል። አክብሩት፣ ጥሩ ነው። ግን የዓመቱን በጀት ቲሸርትና ባነር ላይ አትጨርሱት። ከሰልፉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማግስቱ ነው። ሬዲዮ የሰማ ሰው በሚቀጥለው ሰኞ ይመጣል። ስለዚህ ቀድማችሁ ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋገሩ። በዚያ ሳምንት ባለሙያው ይኑር፣ መድኃኒቱም ተሟልቶ ይቆይ። ይህን ቃል ካላገኛችሁ የሬዲዮ ፕሮግራሙን ወደ ኅዳር ግፉት። ማንም አይቀየማችሁም።

በዚያ ቀን መድረክ ላይ ማን ይውጣ? የእኔ ምርጫ ታክሞ የተሻለው ሰው ነው፣ ከፈለገና ራሱ ከፈቀደ። በ2022 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ መገለል ያቋቋመው ኮሚሽን የደረሰበትም ይኸው ነው። የሰዉን አመለካከት ከሁሉ በላይ የሚለውጠው በሕመሙ ያለፈን ሰው ማግኘትና ከእሱ ጋር መነጋገር ነው። ዶክተር አንድ ሰዓት ቢያስረዳ ሰዉ ያጨበጭባል። አንዲት ባለ ሱቅ ተነስታ «ሁለት ዓመት ታምሜ ነበር፣ አሁንም መርፌዬን እወስዳለሁ፣ ልጆቼን እያሳደግሁ ነው» ስትል ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ሲወጣም ሰው ይከተላታል። ግን ተጠንቀቁላት። ትራንስፖርቷንና የዋለችበትን ክፈሉ። በጣም የከፋባትን ቀን እንድትተርክ አትጎትጉቷት። ብቻዋን አትውጣ፣ ሁለት ይሁኑ። በዋዜማው «ተውኩት» ካለች ምክንያት አትጠይቋት። አዲስ አበባ ላይ የአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር አለ፣ ከእነሱ ጋር ብትገናኙ ልምድ ታገኛላችሁ።

ወደ ጸበልና ወደ ሼኾቹ ልምጣ። ይህ ጥያቄያችሁ ልቤን ነክቶታል፣ ምክንያቱም ብዙ ባለሙያ ሲስት አያለሁ። ሰዉ መጀመሪያ ወደዚያ የሚሄደው ስለሚያምን ነው። እዚያ ስሙን የሚጠራው፣ የሚጸልይለት፣ ውሎ የሚያድርበት ያገኛል። ያንን የሚያፈርስ ንግግር ከእናንተ ማዕከል አይውጣ። «ወይ ጸበል ወይ መድኃኒት» ካላችሁ የሚመርጠው ጸበሉን ነው። አገራችን ይህን መንገድ አንዴ አልፋበታለች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣበት ጊዜ ብዙ ሰው ጸበል ብሎ ክኒኑን ጥሎ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ አስተማሩ። ያ ቃል ሕይወት አድኗል። የአእምሮ መድኃኒትም ዛሬ ያንኑ ቃል ከየአጥቢያው ይፈልጋል።

ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር ውስጥ፣ ሥራ ሲቀልላቸው ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። የደብሩን አስተዳዳሪና አጥማቂውን። ሼኹንና ወዳጃ (የጸሎት ስብስብ) የሚያስቀምጡትን አባት። ልታስተምሯቸው አትሂዱ። መጀመሪያ ጠይቋቸው፦ «ሌሊት የሚያስቸግራችሁ ሰው ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዙዎቹ ራሳቸው ተቸግረዋል። የሚሸሽ አለ፣ የሚማታ አለ፣ የማይበላ አለ። ከዚያ እናንተ የምትለምኑት ሦስት ነገር ነው። ማንም አይታሰር፣ አይደብደብ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት አይቋረጥ። አራስ ሴት ስትታወክ፣ ትኩሳት ያለው ሰው ሲቀባዥር፣ ወይም ራሱን ሊጎዳ የሞከረ ሰው ሲመጣ በዚያው ዕለት ይላክ። በምላሹ እናንተም ሰው ወደ ጸሎቱ ሲሄድ አትከልክሉ። ስልካችሁን ተዉላቸው። የላኩት ሰው ሲሻለው ተመልሳችሁ ንገሯቸው። የሚያቀራርባችሁ ይህ ነው።

የጾሙ ነገር ከዚሁ ይያያዛል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው በባዶ ሆዱ ነው የሚገባው፣ ጠዋት የታዘዘ ክኒን ስለዚህ ይዘለላል። በሽታው ሲነሳ «ጸበሉ አስለፈለፈው» ይባላል። ብዙዎቹ በቀን አንዴ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ግን ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ወደ ማታ ሊዛወሩ ይችላሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ከሁለቱም በፊት ባለው ሳምንት ለምታውቋቸው ቤተሰቦች ደውሉ፦ «የክኒኑን ሰዓት አስተካክላችኋል?» ረመዳንም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ዕቅዳችሁ ላይ በየዓመቱ ቦታውን እያያችሁ አስገቡት። በአፍጥርና በሱሁር መካከል የሚመች መድኃኒት አለ፣ የማይመችም አለ። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ መዋሉ ደሙ ውስጥ ያለውን መጠን ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል። ይህ ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ኢማሙም ለታመመ ሰው ያለውን ፈቃድ ቢያስረዱት ልቡ ያርፋል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ባይፖላር ያለበትን ሰው ቶሎ ያስነሳዋል። በርጫ ላይ አምሽቶ ለሱሁር የሚነሳ ታማሚ ካለ አስታማሚው ይህን ይወቅ።

ወሎ ናችሁና ስለ ዓረብ አገር ሳላነሳ አላልፍም። ከእናንተ አካባቢ ብዙ እህቶች ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ታመው ይመለሳሉ። ስልኳ ተወስዶ፣ ሌት ተቀን ሠርታ፣ ተደብድባ የመጣች ልጅ ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ የምትሰማው «የላክሽው ብር የት ደረሰ?» ወይም «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ከሆነ ሕመሟ ይብሳል። ለቤተሰቦች ይህን በግልጽ ንገሩ። ትተኛ፣ ትብላ፣ አትመርመሯት። ብቻዋን የምታወራ፣ የምትፈራ፣ የማትተኛ ከሆነ ቶሎ ታከም። ሊሄዱ ያሉትን ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሚሰጠው ሥልጠና ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ኮሌጁን ግማሽ ሰዓት ለምኑ። ቀድሞ ታማ የምታውቅ ልጅ መድኃኒቷን አቋርጣ መሄድ ምን እንደሚያስከትል፣ እዚያ እንቅልፍ ሲጠፋ ለማን መናገር እንዳለባት፣ የቤተሰብና የኤምባሲ ስልክ በቃል መያዝ እንዳለባት ንገሯት። ይህ ሥራ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ወቅት የለውም።

ጦርነቱንም ረስቼው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው አሁንም ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፣ በሕልሙ ይጮኻል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ጊዜና ሰው ሲያገኙ እየተሻላቸው ይሄዳሉ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሰዎችን ሰብስቦ «የደረሰባችሁን ሁሉ ተናገሩና ይውጣላችሁ» ማለት አይመከርም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አካሄድ አይደግፍም። ሊናገር የፈለገ ይናገር፣ ያልፈለገ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ። ወራት አልፈው መሥራትና መተኛት ያቃተውን ለባለሙያ አሳዩት።

ትምህርት ቤቶችን በኅዳርና በታኅሣሥ ግቡባቸው። ከተማሪዎች ይልቅ መምህራኑን አስቀድሙ፣ ምክንያቱም ልጁ ሲለወጥ ቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከትምህርት ገበታ እንዳይቀር ርእሰ መምህሩን አግባቡ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበትን ሰሞን ደግሞ በዕቅዱ ላይ በቀይ አክብቡት። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ዓመት የወደቀ ልጅ ብቻውን አይደለም፣ ግን ብቻውን እንደሆነ ይሰማዋል። ውጤት ከመውጣቱ በፊት ለወላጆች በሬዲዮም በቅሬም ንገሩ። በዚያ ሌሊት ስድብ አያስፈልግም። በዚያ ሳምንት ክፍላችሁ በየቀኑ ክፍት ይሁን።

ስለ ሪፖርት። ለጋሽም ቀበሌም «ስንት ሰው አስተማራችሁ?» ይላችኋል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠውን መቁጠር ቀላል ነው። እናንተ ግን ሌላ ነገርም ቁጠሩ፦ የላካችሁት ሰው ደረሰ ወይ? ታየ ወይ? መድኃኒት አገኘ ወይ? በወሩ ተመለሰ ወይ? ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የመጣበትን ጉዳይ፣ የተላከበትን ቦታና መድረሱን ጻፉበት። ስም አይጻፍ፣ ቁጥር ስጡት። ስልክ ከሰጣችሁ በሌላ ወረቀት ተጽፎ ይቆለፍ። ፎቶ አታንሱ። ከአሥር የተላኩ ሰዎች አራቱ ካልደረሱ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሱንም ይዛችሁ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሂዱ። «መድኃኒቱ በዚህ ወር ስለጠፋ እነዚህ ሰዎች ተመልሰዋል» የሚል ማስረጃ ሲቀርብለት የግዥ ክፍሉ መስማቱ አይቀርም። የዓመቱ ትልቁ ሥራችሁ ይህ ሊሆን ይችላል።

ራሳችሁንም ጠብቁ። ከመካከላችሁ የታማሚ ቤተሰቦች አላችሁ። ቤት ያለውን ተሸክማችሁ የሌላውን ትሰማላችሁ። በወር አንድ ከሰዓት በር ዘግታችሁ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ነርሷ ጓደኛችሁ ሁሉን ነገር እሷ ላይ አትጣሉባት። ከደሴ አንድ የሳይካትሪ ባለሙያ በወር አንዴ በስልክ እንኳ ቢያማክራችሁ የከበደውን ጉዳይ ለእሱ ታቀርባላችሁ። ሰኔ ላይ ሪፖርቱ ሲጻፍ ከእናንተ ማን እንደደከመ እዩ፣ ለእሱም ሁለት ወር ዕረፍት ስጡት።

ለአሁኑ ቀበሌው የጠየቃችሁን ዕቅድ ከላይ ባልኩት መንገድ ከሐምሌ እስከ ሰኔ በሁለት ገጽ ጻፉት። ከዚያ በፊት ግን ጤና ጣቢያዎቹን ዞራችሁ ያቺን የአንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። ስታልቅ ላኩልኝ። የመድኃኒቶቹን ስምና የሪፈሩን መንገድ አይቼ፣ የጎደለ ካለ ጨምሬ እመልስላችኋለሁ።